ሙሉውን በዘፈን የሚያልፍ ፊልም፦ ሐዋሳ ላይ ለምን ለሁለት ተከፈልን?

የመክፈቻው ጽሑፍ

ሌ ሚዜራብልን ሳይጨርሱ የወጡት ሰዎች ዘፈን ጠልተው የወጡ አይመስለኝም። ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት ይህንኑ ለመሟገት ነው። ቅዳሜ ማታ ከፍቅር ሐይቅ ብዙም በማይርቅ ካፌ ግቢ ውስጥ በፕሮጀክተር የታየውን፣ ከቪክቶር ሁጎ ልብ ወለድ በተሠራው የመድረክ ሙዚቃዊ ድራማ ላይ የተመሠረተውን የ2012ቱን (እ.ኤ.አ.) የቶም ሁፐር ፊልም ያየ ሁሉ የሆነውን ያውቃል። ገና ዋናው ሰው ዣን ቫልዣን ከእስር ሲፈታ ከኋላ ወንበር መጎተት ተጀመረ። ኤጲስ ቆጶሱ የብር መቅረዙን ሲሰጠው ብዙው ሰው ስልኩን ከፍቷል። ከፋብሪካ የተባረረችው እናት ፋንቲን ስትዘፍን ደግሞ ከፊት የተቀመጡት ሴቶች በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ይጠርጋሉ፣ ከኋላ ያሉት ባጃጅ ይጠራሉ።

ፊልሙ 158 ደቂቃ ይፈጃል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ በተራ ንግግር የሚባለው እዚህም እዚያም ጣል የተደረገ ጥቂት ቃል ብቻ ነው። ሌላ ሙዚቃዊ ፊልም ላይ ዘፈኑ ቢያመልጥህ ችግር የለም፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ሰዎቹ ያወራሉ፣ ታሪኩን እዚያ ትይዘዋለህ። እዚህ ግን ክሱም፣ ፍርዱም፣ ደብዳቤውም፣ ጸሎቱም በዜማ ነው። አንድ ስንኝ ካለፈህ ሰውዬው ለምን ስሙን እንደቀየረ፣ ከንቲባ ከሆነ በኋላ እንኳ ለምን እንደሚሸሽ አታውቅም። ሰብታይትሉ የእንግሊዝኛ ነበር፤ ፊደሉ ደቃቃ፣ ከስክሪኑ ግርጌ የተጠጋ። ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ ያለ ሰው የሚያየው የፊተኛውን ሰው ጭንቅላት ነው። ድምፁም ሙዚቃው ጎልቶ ዘፋኙ የሚሰምጥበት ነበር። እኔ የምለው፣ የወጣው ሰው ቃሉ ያመለጠው ሰው ነው። የወጣችሁም የቀራችሁም እስቲ ምክንያታችሁን ንገሩኝ።

መልሶቹ ከጠበቅኩት በላይ በዙ። ዘግይቶ ለሚገባ ሰው እንዲያመች በቅደም ተከተላቸው እየነገርኩ እሄዳለሁ፤ የማልስማማበትም ቦታ ላይ ዝም አልልም።

መልስ 1

መጀመሪያ የገባው ሰው በጨዋ ቃል አመስግኖ ጀመረና ወዲያው ተቃወመኝ። የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ መምህር ነው፤ ቃል አላመለጠውም፣ ቢሆንም ግማሽ ሳይደርስ ወጥቷል። ያስወጣው ሐዘኑ በዘፈን መነገሩ ሳይሆን ተራው ነገር በዘፈን መነገሩ ነው። እናት ልጇን አደራ ስትሰጥ ብትዘፍን ይገባዋል። ፖሊስ የይለፍ ወረቀት ሲጠይቅ፣ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሒሳብ ሲደምር፣ ፎርማን ሠራተኛ ሲቆጣ ሁሉም በዜማ ሲሆን ግን ከታሪኩ ያስወጣዋል፤ ሰዎቹን ማመን ያቅተዋል። በክሩ ውስጥ ከተነሡት ተቃውሞዎች ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው። ከሱ በኋላ የጮኹት የሱን ያህል አላስጨነቁኝም።

መልስ 2

ከዛፉ ግንድ ኋላ ተቀምጣ የነበረች ልጅ ናት። የስክሪኑን የላይኛውን ግማሽ ብቻ እንዳየች፣ ሰብታይትል መኖሩንም ያወቀችው ይህን ክር ስታነብ መሆኑን ጻፈች። ከኔ ጋር ትስማማለች።

መልስ 3

ቀጥለው የጻፉት ዕድሜያቸው ገፋ ያለ አባት ናቸው። በወጣትነታቸው ሲኒማ ቤቶችን የሚሞላው የህንድ ፊልም እንደነበረ አስታወሱን። ህንድኛ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሕዝቡ ግን ያለቅስ ነበር፣ ዘፈኑንም ትርጉሙን ሳያውቅ በድምፁ ይዞት ይወጣ ነበር። ስለዚህ ቋንቋ ምክንያት ሊሆን አይችልም፣ የዛሬ ሰው ትዕግሥት አጥቶ ነው የሚል ነው ሐሳባቸው።

እዚያው በአክብሮት መለስኩላቸው። በህንድ ፊልም ዘፈኑ የሚመጣው ማን ማንን እንደሚወድ፣ ማን ክፉ እንደሆነ፣ የትኛው ወንድም እንደጠፋ ካወቅን በኋላ ነው። ታሪኩ ቆሞ ስሜቱ ይዘፈናል፤ ከዚያ ታሪኩ ይቀጥላል። እዚህ የሚቆም ታሪክ የለም፤ ታሪኩን የተሸከመው ራሱ ዘፈኑ ነው። አንብበውት ግማሹን እንደተቀበሉኝ፣ ስለ ትዕግሥት ያሉትን ግን እንደማያነሡ ጻፉ።

መልስ 4፣ 5 እና 6

ረጋ ብሎ የነበረው ውይይት መልኩ የተቀየረው እዚህ ላይ ነው። ቁጥር 4 ሰብታይትል ምናምን እያልን እንደምንቀባጥር፣ ፊልሙን ያበላሸው ራስል ክሮው መሆኑን በቁጣ ጻፈ። ከመድረክ ሙዚቃ የመጣው ሂው ጃክማን ጎን ሲቆም፣ ቫልዣንን የሚያሳድደውን ፖሊስ ዣቬርን ሆኖ የሚዘፍነው ክሮው ዜማውን ከመከተል ያለፈ ነገር አልሠራም ባይ ነው። ለስሙ ብቻ የገባ ተዋናይ ሲል ደመደመ።

ቁጥር 5 መዘምርት ናት፤ ስለ ድምፅ የምትለውን አዳመጥኳት። ዣቬር ሕግን ብቻ የሚያውቅ፣ ራሱን አስሮ የኖረ ሰው ነው፤ ድምፁ ቢፈታ ኖሮ ዣቬር አይሆንም ነበር ትላለች። አያይዛም አንድ ትዕይንት አነሣች። የአመፀኞቹ የመንገድ ምሽግ ከፈረሰ በኋላ ዣቬር በተደረደሩት ሬሳዎች መካከል ሲያልፍ አብሯቸው የሞተው ትንሹ ልጅ ጋቭሮሽ ጋ ይቆማል፤ ሜዳሊያውን ከደረቱ አውልቆ ልጁ ደረት ላይ ይሰካዋል። ይህ በመድረኩ ሥራ ላይ የለም፤ ሐሳቡን ያመነጨው ራሱ ክሮው ነው። አንድም ቃል ሳይዘፍን ያደረገው ነገር እስከ ዛሬ ከዓይኗ አልጠፋም።

ቁጥር 6 ደግሞ ቁጥር 4ን ያረመው ሁሉም ለዝና የተመረጠ አለመሆኑን በማሳየት ነው። ኤፖኒንን የምትጫወተው ሳማንታ ባርክስ ሚናውን ቀድማ ለንደን መድረክ ላይ ሠርታዋለች። መቅረዙን የሚሰጠው ኤጲስ ቆጶስ ደግሞ ኮልም ዊልኪንሰን ነው፤ በ1985 ለንደን ላይ ሥራው ሲከፈት የመጀመሪያው ዣን ቫልዣን እሱ ነበር። ይህን ካወቅኩ በኋላ ያንን ትዕይንት መልሼ ከፍቼ አየሁት። አሮጌው ቫልዣን ለአዲሱ ብሩን አሳልፎ ሲሰጥ ማየት ነው፤ እጃቸው እጅ ላይ ሲያርፍ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተሰማኝ።

መልስ 7፣ 8 እና 9

ቁጥር 7 እስከ መጨረሻ የተቀመጥነውን ሁሉ ሰደበን። እንግሊዝኛ እናውቃለን ለማለት የተቀመጥን፣ ሳይገባን ያጨበጨብን ነን በሱ ቤት። ቁጥር 8 ዝም አላለም፤ ሁለት ሰዓት ተኩል መቀመጥ ያቃተው ሰው ስለ ሌላው ማውራት እንደማይገባው፣ እሱ ሲወጣ የረገጠው እግርም የሷ እንደነበረ በጠነከረ ቃል ጻፈች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ የተባባሉትን እዚህ አልደግመውም። ያበረዱት እኚያ ቁጥር 3 ናቸው፤ ሁለቱንም ልጆቼ ብለው ጠርተው፣ እግር የረገጠ ይቅርታ ይጠይቅ፣ የተረገጠችም ትተው ብለው ሸመገሉ። ቁጥር 7 ስለ እግሩ ይቅርታ ጠየቀ። በሐሳቡ ግን ጸና።

መልስ 10

ለኔ የክሩ ትልቁ ስጦታ ይህ ነው። ሠርግና በዓል ላይ ሳውንድ የሚሠራ ወጣት ነው። በአብዛኛው ሙዚቃዊ ፊልም ተዋናዩ ከወራት በፊት ስቱዲዮ ገብቶ ይቀዳል፤ ቀረጻ ላይ አፉን ብቻ ያንቀሳቅሳል። እኛ ፕሌይባክ የምንለው ነው። እዚህ ግን ተዋናዮቹ ካሜራ ፊት በቀጥታ ዘፍነዋል። ጆሯቸው ውስጥ በተደበቀች ትንሽ ማዳመጫ ፒያኖ ይሰማሉ፤ ፒያኖ ተጫዋቹ ከካሜራ ውጭ ሆኖ ተዋናዩን ይከተላል እንጂ ተዋናዩ እሱን አይከተልም። ኦርኬስትራው የተቀዳው በኋላ፣ በተዘፈነው ልክ ነው። ስለዚህ ፋንቲን ትንፋሿ ሲቆረጥ፣ ድምፅዋ ሲሰነጠቅ፣ ያ የተቆረጠው በዚያች ቅጽበት ነው። ካሜራውም ፊቷ ላይ ቆሞ ሳይቆረጥ ይቆያል። ጸጉሯ የተላጨ፣ ከንፈሯ የደረቀ፣ አፍንጫዋ የቀላ ሴት። አን ሃታዌይ በረዳት ተዋናይትነት ኦስካር የወሰደችበት ነው፤ ፊልሙ ሌሎች ሁለት ኦስካሮችም አግኝቷል፣ አንዱ በድምፅ ቅንብር፣ አንዱ በሜካፕና ጸጉር።

ከዚያ ወደ ካፌው መጣ። ዘፋኙ የሰመጠው ስፒከሩ ስለደከመ አይደለም አለ። የፊልም ድምፅ በስድስት መስመር ሲቀዳ የሰው ድምፅ የሚገባው በመሃለኛው መስመር ነው። ላፕቶፑ ስድስት ስፒከር እንዳለው ተደርጎ ተስተካክሎ የተሰካው ግን ሁለት ስፒከር ብቻ ከሆነ፣ መሃለኛው መስመር መድረሻ ያጣል፤ የሚሰማው ኦርኬስትራውና የማስተጋቢያው ቅሪት ነው። ቅንብሩን ወደ ስቴሪዮ መቀየር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ይህን ሳነብ ተናደድኩ። ከንግግር ፊልም ላይ ድምፅ ቢጠፋ ሰው ይጮሃል፣ ይስተካከላል። ከዘፈን ፊልም ላይ ሲጠፋ ግን ሰው ሙዚቃ እየሰማ ስለሆነ የጎደለውን አያውቅም፤ ሰልችቶኝ ነው ብሎ ይወጣል።

እሱ ራሱ ቅሬታ አለው፤ ካሜራው ከፊት አልነሣ ብሎ ፓሪስን ሳያይ ፊልሙ አለቀበት። በዚህ እስማማለሁ። ለፋንቲን የሠራው ቅርበት ለሁሉም ሲደገም ያፍናል።

መልስ 11፣ 12 እና 13

ቁጥር 11 ዲያቆን ነው። ለመምህሩ ለቁጥር 1 ነው የጻፈው። ተራ ነገር በዜማ ሲነገር ጆሯችን እንግዳ ሊሆን እንደማይገባ፣ ቅዳሴ ላይ ጸሎቱ ብቻ ሳይሆን ትእዛዙም በዜማ መሆኑን አስታወሰው፤ የተቀመጣችሁ ተነሡ፣ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ የሚለው ሁሉ ይዜማል፣ ማንም አይስቅም፣ ሁሉም ይነሣል። ቁጥር 12 ግን ተቆጣች፤ ቅዳሴ ጸሎት ነው፣ ከካፌ ፊልም ጋር በአንድ አፍ አይጠራም። ዲያቆኑ ተመልሶ ካስቀየማት ይቅርታ ጠይቆ፣ ያነጻጸረው ሥርዓቱን ሳይሆን የሰሚውን ጆሮ መሆኑን ገለጸ። ቁጣዋን አከብራለሁ፤ ነገር ግን የዲያቆኑ ነጥብ ትክክል ነው። ለዜማ የተለየ እምነት ይዘን ስንገባ ትእዛዙም ሒሳቡም በዜማ ያምርብናል። ያን እምነት ካፌው በር ላይ ማንም አልሰጠንም፤ ፊልሙ ሙሉውን እንደሚዘፈን እንኳ አስቀድሞ የነገረን የለም።

ቁጥር 13 የሲዳማ ልጅ ነው። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ዩኔስኮ ከመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ከፍቼ ጫምባላላ ጋር ያለውን ቄጣላ የተባለ የኅብረት ዜማ አነሣ። ሽማግሌዎቹ ይመራሉ፣ ሌላው ይቀበላል፤ እሱ ባደገበት ሰፈር ስለ ዝናቡም፣ ስለ መንገዱም፣ ስለ አስተዳደሩም ሕዝቡ የሚለውን በዚያው ያሰማል። ከሱ ሥር ስማቸውን ያልጻፉ እናት ገብተው ስለ አልቃሽ ጨመሩ። በሳቸው አገር ለቅሶ ላይ ሙሾ አውጪዋ የሟቹን ዘር፣ ያረሰውን መሬት፣ የተጣላበትን ወንዝ፣ ያበደረውን ገንዘብ ሳይቀር በግጥም ትዘረዝራለች፤ ሰው እያለቀሰ ታሪኩን ይሰማል። ፋንቲን ስትዘፍን እሳቸው ያዩት ገና ሳትሞት ለራሷ ሙሾ የምታወጣ ሴት ነው።

መልስ 14

የታሪክ መምህር ናቸው፤ ረጅም ጻፉ፣ መነበብ ያለበት ነው። ፊልሙ ስለ ታላቁ የፈረንሳይ አብዮት ነው የሚሉትን ሁሉ አረሙ። ያ 1789 ነው። ፊልሙ የሚጀምረው በ1815 ናፖሊዮን ከወደቀ በኋላ ሲሆን፣ ምሽጉ የ1832 የሰኔ አመፅ ነው። በ1830 አንድ ንጉሥ ወርዶ ሌላው ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ ወጣ፤ ሪፐብሊክ የጠበቁት ወጣቶች ተከዱ። በ1832 ኮሌራ ፓሪስን መታት፤ ሕዝቡ ይወደው የነበረው ጄኔራል ላማርክ በዚያው በሽታ ሞተ። ሰኔ 5 (እ.ኤ.አ.) ቀብሩ ላይ አመፅ ተነሣ፤ በማግሥቱ አለቀ። ሕዝቡ ከየቤቱ አልወጣም፤ ወጣቶቹ ብቻቸውን ቀሩ። ቪክቶር ሁጎ ራሱ በዚያ ቀን መንገድ ላይ ተኩስ መሃል ተይዞ ነበር፤ መጽሐፉን ያወጣው ግን ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1862 ነው። ይህን ሳያውቅ የሚያይ ሰው ልጆቹ ያሸንፋሉ ብሎ እየጠበቀ ነው የሚያየው፤ ሲሞቱ ይናደዳል፣ ፊልሙ የተቆረጠ ይመስለዋል። ከኋላችን የነበሩት ልጆች በትክክል ይህንኑ ሲሉ ሰምቻለሁ።

መልስ 15

ክሩን አንብቦ ፊልሙን ከቴሌግራም ያወረደ ልጅ ዘፈን የታለ ብሎ ጠየቀ። ያወረደው የ2019ኙን የላጅ ሊን ፊልም ነው፤ ስሙ አንድ ነው፣ ታሪኩ ግን የዛሬ የፓሪስ ዳርቻ ፖሊሶችና ከሰርከስ የተሰረቀ የአንበሳ ደቦል ነው። ወዶታል። እኔም እወደዋለሁ። ዘፈን አልፈልግም የሚል ደግሞ ሊያም ኒሰን የሠራበትን የ1998ቱን ይፈልግ።

መልስ 16 እና 17

ስለ ማታ የባጃጅ ዋጋና ስለ ሐይቁ ዳር ትንኝ ነው፤ ከዚያ አሞራ ገደል ዓሣ በስንት ሰዓት ትኩስ እንደሚገኝ። እዘለዋለሁ።

መልስ 18

ልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ ናት። እንግሊዝኛ ብዙም እንደማትችል፣ ቢሆንም እስከ መጨረሻው እንደተቀመጠች ጻፈች። መጀመሪያ ላይ ምንም አልገባትም ነበር፤ ከዚያ ፋብሪካው መጣ። ሴቶቹ በረድፍ ቆመዋል። አንዷ የፋንቲንን ደብዳቤ ከእጇ ትነጥቃለች፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ይሳቃል፤ ፎርማኑ ይመጣል። ቃሉን መስማት አላስፈለጋትም። ደብዳቤው ስለ ልጅ መሆኑን በፋንቲን ዓይን አወቀች። እሷ በምትኖርበት፣ ለአራት በተከራዩት ክፍል ውስጥ፣ ልጇን አያቷ ጋ ትታ የመጣች ጓደኛ አለቻት፤ ስልኳ ሲጠራ ወደ ውጭ ወጥታ ነው የምታነሣው። ፋንቲን ጸጉሯን፣ ከዚያ ጥርሷን ስትሸጥ ያቺን ጓደኛዋን እጇን ይዛ ነበር የምታየው። ሁለተኛው ክፍል ላይ ግን ጠፋባት። የደህና ቤተሰብ የሚመስሉ ልጆች ወንበርና ጠረጴዛ ከምረው ለምን እንደሚሞቱ ሳታውቅ ጨረሰችው፤ የቁጥር 14ን ጽሑፍ ካነበበች በኋላ ነው የገባት።

ይህ መልስ ከነገርኩት ነገር ሁሉ በላይ ጉዳዩን አጠራው። ሕይወቷ የደረሰበትን ክፍል ያለ ቃል ተረዳችው፤ ሕይወቷ ያልደረሰበት ክፍል ላይ ቃል አስፈለጋት፣ አልተሰጣትም።

መልስ 19 እና 20

ቁጥር 19 ጓደኛዋን በርቺ በይልኝ ብላ አለፈች። ቁጥር 20 ያው መምህሩ፣ ቁጥር 1 ነው። የዲያቆኑን አንብቦ አልተረታም፤ የልጅቱን አንብቦ ግን ፎርማኑ የሚዘፍንበትን ትዕይንት እንደገና አየው። የፎርማኑ ዘፈን አሁንም አያሳምነውም፤ የሴቶቹ ግን አሳምኖታል፣ ምክንያቱም ሐሜት በባሕርዩ ቅብብል ነው አለ። በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ክሩ ከጭቅጭቅ ወጣ።

መልስ 21

ክፍፍሉ በኛ እንዳልተጀመረ የጻፈ ሰው ነው። ክሎድ ሚሼል ሾንበርግና አላን ቡብሊል ሥራውን በ1980 ፓሪስ ላይ አሳዩት፤ በ1985 ለንደን ሲከፈት ጋዜጦቹ አብጠልጥለውታል፣ ሕዝቡ ግን ትኬት ለመግዛት ተሰለፈ። ከዚያ ወዲህ ለአሥርተ ዓመታት ሲታይ ኖሯል።

መልስ 22፣ 23 እና 24

የአማርኛ ሰብታይትል እናዘጋጅ የሚለውን ያመጣው ቁጥር 22፣ ኮምፒውተር የሚያጠና ተማሪ ነው። የእንግሊዝኛው ሰብታይትል ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሆነ ሰዓቱን እንዳለ ትቶ ቃሉን ብቻ መቀየር ይቻላል፤ ፊደሉንም ማተለቅና ወደ ላይ ከፍ ማድረግ ይቻላል። የሳውንዱ ልጅ ድምፁን ሊያስተካክል ራሱ እንደሚመጣ ቃል ገባ። ቁጥር 7 በአማርኛም ቢሆን እንደማይመጣ ጻፈ፤ መብቱ ነው።

ሥራውን በዘፈን ከፋፈልነው። የፋንቲንን መዘምርቷ ወሰደች፣ ከሙሾዋ እናት ጋር ተመካክራ ልትሠራው። የፋብሪካውን ልጅቱ እንድታይልን ጠይቄአት እሺ ብላለች። መምህሩ ሳይጠየቅ የፖሊሱን ወረቀትና የማረፊያ ቤቱን ሒሳብ፣ ያስወጡትን ክፍሎች በሙሉ፣ ለራሱ ያዘ፤ በአማርኛ የሚታመኑ ከሆነ ራሱ ሠርቶ ማየት ይፈልጋል። ዣቬርን እኔ ይዣለሁ። የምሽጉ ክፍል ገና ባለቤት የለውም፤ ለታሪክ መምህሩ በውስጥ መስመር ጽፌላቸዋለሁ። ከሳቸው ጋር መሥራት የሚፈልግ ሰው እዚህ ሥር ይጻፍ፤ ፋይሉ ተማሪው ዘንድ ነው።